ክፍተቱና መስመሩ ሲጣሉ

(ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በመኪና ሥራ የምንተዳደር አበሾች ተሰብስበን ሳለ የተናገርኩት ነው። ከቀረጻው ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። ሳሉንና "እእእ"ውን ብቻ ቀንሼለታለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ?

ኧረ ድምፃችሁ የታለ? እንደምን አመሻችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ታላላቆቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ! እዚያ ኋላ በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች፣ ወንበር አለ፣ ግቡና ተቀመጡ። እራት እስኪቀርብ ተናገር ተብያለሁ። ማይክ ከያዝኩ እንደማልለቅ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። የወጡ ሽታ ሲመጣ በራሴ አቆማለሁ።

እኔ የባትላሜራ ሰው ነኝ፣ የመኪና ገላ አቃኝ። እዚህ አገር "ቦዲ ቴክኒሽያን" የሚል ካርድ አሠርተውልኛል። ያው መዶሻ የያዘ ሰው ማለት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌ ስፖርት መኪና ነው። ከየቦታው የተለቃቀመ በር፣ ፓራፋንጎ፣ ያ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው፣ እና ኮፈን፣ የሞተሩ ክዳን፣ እንዴት አንድ ገላ እንደሚሆን። ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ከየት እንደሚጀመር። ሁለተኛ፣ አልገጥም ሲል ጥፋቱ የት እንደሚፈለግ። ሦስተኛ ስለ ቀለም። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እኔን ራሴን ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ቆይ፣ መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ።

ዳትሰን ሲባል አዲስ አበባ ያደገ ሰው ምን ይታየዋል? ፒክአፕ! ከኋላ ሽንኩርት የጫነች፣ ሽንኩርቱ ላይ ሰው፣ ሰውየው ጭን ላይ ዶሮ። አዎ፣ ሳቁ። እኔም እዚህ አገር መጥቼ አንድ ሰው "ዳትሰን አለኝ፣ ታድስልኛለህ?" ሲለኝ ያሰብኩት ያቺኑ ነበር።

የሱ ግን 240 ዜድ ናት። ጃፓን ውስጥ በፈረንጆቹ 1969 የወጣች፣ ኮፈኗ ረዥም፣ ጀርባዋ እንደ ዓሣ የሚሾልክ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን። እዚያ አገሯ ፌርሌዲ ዜድ ነው የምትባለው። ዳትሰንን የሚሠራውን የኒሳንን የአሜሪካ ሥራ ይመራ የነበረው ዩታካ ካታያማ ግን ያ ስም እዚህ እንደማይሸጥ ገባው። አርማውን አስነቅሎ 240 ዜድ የሚለውን አስለጠፈባት። ሞተሯ 2.4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። ስትመጣ ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ መኪና ስላልነበረ ሰው ተሻማባት።

ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ሁለት ጊዜ አሸንፋለች፣ በ1971 እና በ1973። የ1973ቱን የነዳት ሼካር መህታ ካምፓላ የተወለደ ነው። ያ ውድድር ምን እንደሚመስል አስቡት። አቧራ፣ ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ወንዝ። የሳፋሪን ጭቃ የቻለች መኪና እዚህ መጥታ በክረምት መንገድ ላይ የሚረጩት ጨው በላት። ሥሯን ያያችሁ ታውቃላችሁ። ወለሉ፣ ከበሩ ሥር የሚሄደው ሮከር የሚሉት ሳጥን ብረት፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው ጥግ፣ ባትሪው የሚቀመጥበት። ዝገት እነዚህን ቦታዎች አድራሻቸውን ይዞ ነው የሚመጣው።

እሺ። ሰውየው ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ነው፣ ጨዋ ሽማግሌ። በ1972 አዲስ ሆና ነው የገዛት። በተጎታች ጭኖ አመጣት፣ እኔም ዞርኳት። አንድ ጊዜ ዞርኩ፣ ሁለተኛ ዞርኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ።

ገላዋ ብርቱካን ነው፣ የቀለም ቁጥሩ 918 የሆነው። የቀኝ በሯ ከተከታይዋ ከ260 ዜድ የመጣ ነጭ በር ነው። የግራ ፊት ፓራፋንጎዋ ደግሞ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ጥቁር ፕራይመር፣ ያ ከቀለም በፊት የሚቀባው፣ የተቀባ አዲስ ብረት። ኮፈኗ ላይ የአየር ማውጫ ቀዳዳ አለ፣ ስለዚህ ከኋለኞቹ 280 ዜዶች የመጣ ነው። የኋላ መዝጊያዋ ላይ ከመስታወቱ ሥር ሁለት የአየር ማውጫ አለ። ያ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ነው። በ1971 ማውጫውን ከዚያ አንስተው ጎን ላይ፣ ክቡ አርማ ወዳለበት ምሰሶ ወስደውታል። የሱ መኪና ደግሞ ጎኗም ላይ አለ። አየሩ ግራ ገብቶት ነው የሚወጣው!

አምስት ቤት የተዋጣበት ዕቁብ በሏት። ይሄ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ለምን?

እኔ ሥራ የጀመርኩት በ1978 ዓ.ም. ነው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ። ያኔ አዲስ ፓራፋንጎ ከየት ይመጣል? ሶማሌ ተራ ሄደህ ነው የምትለቅመው። የሰማያዊ መኪና በር፣ የቀይ መኪና ኮፈን። አንድ ቀን ለአንዲት ፔጆ 404 በር ገዝተን መጣን። በሩ አልገጠመም። ጌታዬ፣ ነፍሱን ይማረው፣ እጁ ወርቅ ነበር፣ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ማጠፊያው ጋ እንጨት ከትቶ በጉልበቱ ገፋው። ትንሽ መጣ። የቀረውን በስቱኮ፣ በዚያ ሲደርቅ በሚጠነክረው ልጥፍ፣ ሞላው። የስቱኮው ውፍረት ስንት ነበር? ይሄንን ጣቴን ታዩታላችሁ? ይሄን ያህል። ቀለም ቀባነው፣ አበራ፣ ባለቤቱ መርቆን ሄደ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ሰውየው መጣ። በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ምንም አልተናገረም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፈታው። እንደ ቂጣ የተገመጠ ስቱኮ ነው፣ አንድ ፊቱ ላይ የኛው ቀለም። "ይሄ የእርስዎ ነው፣ በሩን ስዘጋ ወድቆ አገኘሁት" አለ። ጌታዬ ቀና ብሎ አላየውም። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያቺ ቂጣ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች።

እንዳትሳሳቱ፣ ስቱኮ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ የማንም ወግ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ብረቱን አልሠራኸውም፣ ሸፈንከው።

አሁን አንደኛውን ነገር። ከየት ይጀመራል?

ሰው ሁሉ ከኮፈኑ ይጀምራል። ለምን? ፊት ለፊት ስለሚታይ። ስህተት ነው። ወንድሞቼ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የማይንቀሳቀሰው የቱ ነው?" ተብሎ ነው። 240 ዜድ ላይ የኋላው ጎን በብየዳ የተያያዘ ነው፣ የትም አይሄድም። በሩ በብሎን ነው፣ ይሄዳል። የፊት ፓራፋንጎ በብሎን ነው፣ ይሄዳል። ኮፈኑም እንዲሁ። ስለዚህ በሩን ለኋላው ጎን አስተካክል። ፓራፋንጎውን ለበሩ አስተካክል። ኮፈኑን በመጨረሻ ለሁለቱ ፓራፋንጎዎች። ከኋላ ወደ ፊት። ከፊት የጀመረ ሰው የስህተቱን ድምር በሩ ላይ ያገኘዋል፣ በሩ ደግሞ የሚደብቅበት ቦታ የለውም።

ይሄ ሁሉ ሲሆን መኪናዋ የት ናት? በጎማዋ ላይ፣ ደልዳላ ወለል ላይ። በክሪክ መሃሏን ደግፋችሁ በበሩና በገላዋ መካከል ያለውን ክፍተት አትለኩ። መሃሏ ሲደገፍ ሁለቱ ጫፎች ይንጠለጠላሉ፣ የበሩ አፍ ከላይ ይከፈታል። ያማረ ክፍተት ታያላችሁ፣ ቀለም ትቀባላችሁ፣ መሬት ስታወርዷት በሩ ይነክሳል። መስታወቱም በሩ ውስጥ ይግባ፣ ክብደቱ ማጠፊያውን ስለሚጎትት። መቀርቀሪያው የሚነክሰውን ብረት ደግሞ ፍቱት፣ አለበለዚያ በሩን ያለ ቦታው ጎትቶ ልክ ያስመስለዋል።

ጎማውስ? የበሩን ዙሪያ የሚከበው ላስቲክ ማለቴ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልናዘዝ። ከዚህ በፊት በሠራኋት አንዲት ዜድ ሁሉንም አስተካክዬ፣ ቀለም ቀብቼ፣ አብርቼ ስጨርስ አዲሱን ላስቲክ አስገባሁ። በሩ አልዘጋ አለ። ሲዘጋም ከኋላው ጎን ወደ ውጭ ቆመ። አዲስ ላስቲክ ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ ይገፋል። ስንት ቀን ስታገል እንደከረምኩ ባለቤቴ እዚህ አለች፣ ጠይቋት። አሁን ላስቲኩን የማስገባው ቀለሙ ሳይታሰብ ነው።

ክፍተቱን በምን እለካለሁ? ውድ መለኪያ አለ፣ ገዝቼዋለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። የምለካው በዚህች ነው። ይታያችኋል? ባለ 5 ሳንቲሟ ኒክል። አንዷ 1.95 ሚሊ ሜትር ናት። ሁለቱን ስትደርቡ አራት ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ሁለት ኒክል ከላይ እስከ ታች ሳይጨነቅ፣ ሳይንቀዋለል ከሄደ በሩ ተስተካክሏል። የዛሬ መኪና ክፍተት ጠባብ ነው ብላችሁ የ1972 መኪና ላይ እሱን አትፈልጉ። ፋብሪካውም አላደረገውም። እኔ የምፈልገው እኩል እንዲሆን ነው፣ ጠባብ እንዲሆን አይደለም።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው። እዚህ ላይ አዳምጡኝ።

የቀኙን በር ሰቀልኩት። ከኋላ ጫፉ ያለውን ክፍተት ለካሁ። ከላይ አንድ ኒክል፣ እሱም እያስጨነቀው። ከታች አራት ኒክል ጢም ብሎ ይገባል። ማለት ከላይ 2፣ ከታች 8 ሚሊ ሜትር። ምን አደረግሁ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የማጠፊያውን ብሎኖች ላላ አድርጌ በሩን አዘነበልኩት፣ አፍንጫው ዝቅ፣ ጭራው ከፍ። ክፍተቱ እኩል ሆነ። ደስ አለኝ። ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ አየሁት።

ይቺ መኪና ጎኗ ላይ መስመር አላት። ከፊት ፓራፋንጎው ተነስቶ በሩን አቋርጦ ወደ ኋላ የሚሄድ። ያ መስመር በሩ መጨረሻ ላይ ተሰብሯል። የበሩ መስመር ከኋላው ጎን መስመር አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል። መለስኩት። መስመሩ ገጠመ፣ ክፍተቱ ተበላሸ። እንደገና። ክፍተቱ ገጠመ፣ መስመሩ ተበላሸ። ሮንዴላ ጨመርኩ፣ አወጣሁ። ስስ ላሜራ ከተትኩ። በሩ የ260 ስለሆነ ይሆናል ብዬ ጥፋቱን በሩ ላይ ጣልኩ። ከሌላ ሰው የ240 በር ተዋስኩ። ሰቀልኩት።

ከላይ 2፣ ከታች 8።

ያን ቀን ሥራ አቁሜ ቡና አፈላሁ። እውነቴን ነው። ሁለት የተለያየ በር አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ፣ ስህተተኛው በሩ ነው? ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሲጽፍ መምህሩ የሚያየው ወዴት ነው?

ይሄንን ያዙልኝ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት። ክፍተቱና መስመሩ ሲጣሉ ጥፋቱ በሩ ላይ አይደለም። የበሩ ቤት ነው የተጣመመው። አንዱ ብቻ ከተበላሸ ማጠፊያው ያስተካክለዋል። አንዱን ስታቀና ሌላው ከጠመመ ግን ብሎኑን ልቀቁትና ሜትር አምጡ።

ሜትር አመጣሁ። ከላይኛው የማጠፊያ ብሎን እስከ ኋላው ምሰሶ፣ መቀርቀሪያው እስካለበት ለካሁ። በግራ፣ በቀኝ። ቀኙ በ6 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ከታች ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። ምን ማለት ነው? መሃሏ ወርዷል። ሁለቱ ምሰሶዎች ከላይ እርስ በርስ ተጠጋግተዋል፣ እንደ ሁለት ሐሜተኞች።

ሥሯ ገባሁ። ከእኔ በፊት የነካት ሰው የቀኙን ሮከር ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተክቶታል። ብየዳው መጥፎ አይደለም፣ ልመሰክርለት እችላለሁ። ግን ሲቆርጠው የበሩን አፍ በምንም አልደገፈውም። ሮከሩ የዚህች መኪና አከርካሪ ነው። አከርካሪውን አውጥተህ ምንም ሳታስደግፍ ምሳ በልተህ ብትመለስ ገላዋ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል? ትንሽ ይወርዳል። በወረደበት በየደው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ በሩን ሲቀያይር ኖሯል። ነጩ በርም የመጣው ለዚያ ነው። የቀድሞው በር ምንም ጥፋት አልነበረበትም!

ታዲያ እንዴት ተቃና? ባጭሩ። በሩን አወረድኩ። በበሩ አፍ ላይ፣ ከላይኛው ማጠፊያ እስከ ኋላው ምሰሶ፣ ክር ያለው፣ ሲያዞሩት የሚረዝም ብረት አሠርኩ። ከዚያ የሮከሩን ብየዳ ከሥር ከፈትኩት፣ ሁሉንም አይደለም፣ እንዲተነፍስ ያህል። ብረቱን ግማሽ ዙር አዞርኩ። ጠበቅሁ፣ ለካሁ። ግማሽ ዙር። ጠበቅሁ፣ ለካሁ። አንድ ቦታ ላይ "ጧ!" አለ። ልጄ አጠገቤ ነበር፣ ዘሎ ውጭ ወጣ። እኔ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ታስሮ የኖረ ብረት ሲፈታ ነው እንደዚያ የሚለው። ትንሽ አሳልፌ ዘረጋሁት፣ ሲለቁት ስለሚመለስ። ከግራው ጋር እኩል ሲሆን በየድኩ። ነጥብ እዚህ፣ ነጥብ እዚያ፣ አንድ ቦታ ሳልቆይ። ላሜራው 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሙቀት ከበዛበት እንደ ገበቴ ይጎብጣል።

ሰውየውን ደውዬ ጠራሁት። በሩን ሰቀልን። ላላ ባለ ብሎን፣ ገና ሳይስተካከል፣ ከላይ 4፣ ከታች 5። መስመሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ አለፈ። ሽማግሌው ምንም አላለም። ጣቱን ከፊት ፓራፋንጎው ጀምሮ መስመሩ ላይ እየጎተተ እስከ ኋላው መብራት ሄደ። ከዚያ ተመልሶ እንደገና ሄደ።

የቀረችው 1 ሚሊ ሜትርስ? እሷን በስቱኮ ጠርዝ ላይ አትሥሯት፣ በሩ በተዘጋ ቁጥር ትፈረፈራለች። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ የበሩ ጠርዝ ላይ ቀጭን ሽቦ በነጥብ ብየዳ ታስተኛላችሁ፣ ከዚያ በመሞረጃ ማሽን ትሞርዳላችሁ። ጠባብ ከሆነ ጠርዙን ቀስ ብላችሁ ትሞርዳላችሁ፣ ግን የታጠፈውን ጫፍ እንዳትበሱት።

ያ አዲሱ ጥቁር ፓራፋንጎ? አዲስ ስለሆነ ደህና መሰላችሁ? ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር። ከፊት መብራቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ከቀኙ ጋር አይመሳሰልም። በካርቶን የቀኙን ቅርጽ ቆርጬ፣ ገልብጬ ግራው ላይ ሳስቀምጠው ከሥሩ ብርሃን ይታያል። አሮጌ ዋና ብረት፣ ዝገቱ የሚጠገን ከሆነ፣ ከአዲስ ቅጂ ይሻላል። በዚህ ከእኔ ጋር የማይስማሙ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፣ ሲያጉረመርሙም እሰማለሁ። እራት ላይ እንከራከር።

ኮፈኑንና የኋላ መዝጊያውን ለዘመኗ ወደሚሆኑት ለወጥናቸው። ባለ ቀዳዳው ኮፈን ቢገጥምም የሷ አይደለም፣ ሽማግሌውም አልፈለገውም።

ሦስተኛው፣ ቀለም። ወጡ እየሸተተ ነው፣ ልሩጥ።

አንድ። ፕራይመሩ ላይ ስታሹ በሩንና ፓራፋንጎውን ለየብቻ አትሹ። ገጥመው ሳሉ፣ በረዥም ጣውላ ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለቱን እንደ አንድ ብረት አቋርጣችሁ እሹ። ያኔ ብርሃን ሲያልፍባቸው አይሰበርም። ሁለት። ቀለምም ውፍረት አለው። ከፕራይመሩ ጋር ሁለቱም ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይበላል፣ ስለዚህ ከፍላጎታችሁ ትንሽ አስፍታችሁ ጀምሩ። ሦስት። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቅይጥ፣ በሩንም እንደሚቆመው አቁማችሁ ቀቡ። በተለይ ብልጭታ ያለበት ቀለም በሩን አስተኝታችሁ ከቀባችሁት ፀሐይ ላይ ሌላ መኪና ይመስላል። የኛዋ 918 ብልጭታ የለውም። እግዚአብሔር በዚያ በኩል አዝኖልኛል።

ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ።

መኪናዋ ውጭ ቆማለች፣ ከመብራቱ ሥር። ሽማግሌው ለዛሬ ማታ አምኖ ሰጥቶኛል፣ እባካችሁ ልጆች ቀለበታችሁን አውልቁ። ኪሴ ውስጥ ኒክሎች አሉ፣ ሁለት ሁለት እያነሳችሁ ዙሯት። አንድ ቦታ ላይ ኒክሎቹ አይሄዱም። አውቄ የተውኩት ነው፣ እሱን ለማቃናት ሌላ ደህና ነገር መንካት ስለነበረብኝ። የት እንደሆነ አልነግራችሁም። መጀመሪያ ላገኘው ሰው ቡናው በእኔ ነው።

ባለቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እንዳትናገሪ።